ማረፍ ማለት መቀመጥ አይደለም

ልጁን አሳድጎ ባሕር ማዶ የላከ ወላጅ አንድ ቀን «ና ጎብኘን» የሚል ግብዣ ይደርሰዋል። ቪዛው ይወጣል፤ በርበሬውና ሽሮው በሻንጣ ይታሰራል፤ ጉዞ ይሆናል። እዚያ ሲደርስ ግን ዕድሜ ልኩን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ሰው ከሶፋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ሲመላለስ ይከርማል። «አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል»፣ «እማዬ፣ አትድከሚ» የሚለው የልጆች ቃል የፍቅር ቃል ነው። ከወራት በኋላ ኪሎ ጨምሮ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱ ዝሎ የሚመለስ ወላጅ ጥቂት አለመሆኑ ግን ፍቅሩ አንድ ነገር እንደጎደለው ያሳያል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልጆችዎ ሊወስዱዎት ከሚችሉባቸው የመዝናኛ ሥፍራዎች ስለ አንዱ ላጫውትዎት። ሥፍራው ፓይንኸርስት ይባላል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይርቃል። በጎልፍ ሜዳዎቹ የታወቀው ሪዞርት እዚያ ነው፤ የስፖርቱን ታሪክ የያዘው የዓለም ጎልፍ የዝና አዳራሽም እዚያው ይገኛል። «ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ካሉ እውነት አለዎት። እኔም ዱላ ይግዙ አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ይህ ቦታ ስለ ዕረፍትና ስለ ማገገም የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ትምህርቱ ግን በእግርዎ ካልጎበኙት አይገባዎትም።

በአየር ለመፈወስ የተሠራች መንደር

ፓይንኸርስት ስትቆረቆር ጎልፍ አልታሰበም ነበር። እ.አ.አ በ1895 የቦስተን ነጋዴ የነበረው ጄምስ ዎከር ተፍትስ ዛፉ ተጨፍጭፎ ያለቀበትን አሸዋማ መሬት በኤከር አንድ ዶላር ገደማ እየከፈለ ገዛ። ሰውየው ሀብቱን ያፈራው የለስላሳ መጠጥ መቅጃ መሣሪያ በማምረት ሲሆን እሱ ራሱም ጤናው የተሟላ አልነበረም። ሐሳቡ የሰሜኑን ብርድ የሚሸሹ፣ ገቢያቸው መካከለኛ የሆነ በሽተኞች የጥድ አየር እየሳቡ የሚያገግሙበት መንደር መሥራት ነበር። ከእነዚህም መካከል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይገኙበት ነበር።

በዚያን ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። ሕሙማን ንጹሕ አየርና ዕረፍት ይታዘዝላቸው ነበር። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882 ቢሆንም በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ሕዝቡ አምኖ ለመቀበል ዓመታት ወስዷል። ተፍትስም ይህን ሲረዳ የሳንባ ሕሙማንን መቀበል አቆመ፤ መንደሯንም የመዝናኛ ሥፍራ አደረጋት።

ጎልፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዶች በላሞች ግጦሽ ላይ ትንሽ ኳስ እየመቱ ከብቶቹን አስቸገሩ ይባላል። በ1898 የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች ተዘጋጁ። በ1900 ከስኮትላንድ የመጣው ዶናልድ ሮስ ሥራውን ተረከበ፤ ዛሬ ድረስ ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱበትን ቁጥር ሁለት የተባለውን ሜዳም በ1907 ለጨዋታ አበቃ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። መሥራቹ ፈዋሽ ነው ብሎ የተማመነበት ተቀምጦ የሚሳብ የጥድ አየር ነቀርሳን አላዳነም። ነቀርሳን የሚያድነው በወቅቱ ተጀምሮ በአግባቡ የሚጨረስ መድኃኒት ነው። ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ የመጣው ጨዋታ ግን ሰዉን ከበረንዳው ወንበር አስነስቶ ኪሎ ሜትሮች አስኬደው። የጤናው ፍሬ ያለው በአየሩ ሳይሆን በእርምጃው ነበር።

የሦስት ሰዎች ሎከር

የዓለም ጎልፍ የዝና አዳራሽ መጀመሪያ የተከፈተው በ1974 እዚያው ፓይንኸርስት ነው። በ1998 ወደ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ሄደ፤ በ2024 ደግሞ ወደ ፓይንኸርስት ተመለሰና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በሠራው ሕንፃ ውስጥ ገባ። በአዳራሹ ከ160 በላይ የሚሆኑት አባላት የሚታወሱት በሎከር ነው፤ ስፖርተኛ ልብሱንና ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ዓይነት ቁም ሳጥን ማለት ነው። ከአባላቱ የሦስቱን ስም ይዘው ይግቡ። ሦስቱም ከባድ ሕመም ወይም አደጋ ደርሶባቸው የተነሡ ናቸው።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ድዋይት አይዘንሃወር ናቸው። በመስከረም 1955 በዴንቨር ከተማ ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ሆዳቸውን ሲረብሻቸው በምሳ የበሉት ሽንኩርት ያመጣው ነው ብለው አሰቡ። ሌሊት ላይ ግን ደረታቸውን ክፉኛ አመማቸው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛም አገር «ጨጓራዬ ነው» እየተባለ ስንት የልብ ሕመም ታልፏል? ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ እጅ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ተልባና ዝንጅብል አፍልቶ መጠበቅ አይገባም። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ምልክቱ ከዚህም የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ካሉ 911፣ እዚህ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በዚያን ጊዜ የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ሆስፒታል ውስጥ ሰባት ሳምንት ያህል ቆይተዋል። ካከሟቸው መካከል የቦስተኑ የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ኋይት ይገኙበታል። እኚህ ሐኪም የፕሬዚዳንቱን ሕመም ለሕዝብ በግልጽ አስረዱ። መራመድና ብስክሌት መንዳት ለልብ ይጠቅማል ብለው የሚያስተምሩ፣ ራሳቸውም የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ልቡ የታመመ ሰው ዳግም ወደ ሥራውና ወደ እንቅስቃሴው ሊመለስ እንደሚችል አገሬው በዓይኑ አየ። አይዘንሃወር በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ ጎልፍ ሜዳ ተመለሱ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠው የሥልጣን ዘመናቸውን ፈጸሙ፤ ያረፉትም በ1969 ነው።

ሁለተኛው ቤን ሆጋን ነው። በየካቲት 1949 ቴክሳስ ውስጥ በጭጋግ መኪና ሲነዳ ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨ። በግጭቱ ቅጽበት ባለቤቱን ለማዳን ራሱን ወደ እሷ ወረወረ። የዳሌ አጥንቱ፣ የትከሻ አጥንቱ፣ ቁርጭምጭሚቱና የጎድን አጥንቱ ተሰበሩ። በኋላም ደም በእግሩ ሥር ረግቶ ለሕይወቱ አሰጋው፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ሐኪሞች ትልቁን የደም ሥር አሰሩበት። ዳግም መጫወቱ ቀርቶ መራመዱም ያጠራጥር ነበር። ሆጋን እርምጃ የጀመረው በሜዳ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ሳሎን ውስጥ እየዞረ ነው። አደጋው ከደረሰ ከ16 ወር በኋላ፣ በሰኔ 1950፣ እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ተጫወተ፤ በማግስቱ ሌላ 18 ጨምሮ የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። ሁሉንም የሄደው በእግሩ ነው።

ሦስተኛዋ ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ ናት። አትሌቲክስ ለሚወድ ሰው እንግዳ አይደለችም፤ በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል ወርቅ፣ በከፍታ ዝላይ ብር ያገኘችው እሷ ነች። በኋላ ወደ ጎልፍ ዞራ የዘመኗ ኃያል ሆነች። በ1953 የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባትና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያ ወዲህ ሰገራዋ በሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወርድ ነበር። በ1954 በዚሁ ሁኔታ የአሜሪካ ሴቶች ኦፕንን በ12 ምት ልዩነት አሸነፈች። ካንሰሩ ተመልሶ በ1956 በ45 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። ካንሰር በሹክሹክታ በሚነገርበት በዚያ ዘመን ሕመሟን ሳትደብቅ በአደባባይ ተናግራ፣ ሌሎች እንዲመረመሩ ገፋፍታ ነው ያለፈችው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ የሰገራ ሁኔታ ተለውጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ያለምክንያት ክብደት ከቀነሰ ኪንታሮት ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

«ተኛ፣ አትነሣ» የምንለው ለምንድን ነው?

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የማነሣው ጀግንነታቸውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ሆጋን እንዳደረገው ያድርጉ ማለቴም አይደለም። የሚያሳስበኝ በየቤታችን የማየው ነው። በእኛ ባህል ማስታመም ትልቅ ፍቅር ነው። የታመመ ሰው ሲነሣ «ተኛ»፣ ውኃ ሊቀዳ ሲል «እኔ አመጣልሃለሁ» ይባላል። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የጠያቂው ብዛት ሕሙሙን ያጽናናዋል። ነገር ግን ሐኪም «ተነሥተው ይንቀሳቀሱ» ያለውን እናት በፍቅር ብዛት አልጋ ላይ ስናቆያት ጡንቻዋ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፤ በእግሯ ሥር ደም ሊረጋ፣ ሳንባዋ ሊታመም፣ ጀርባዋ ሊቆስል ይችላል። ዛሬ ሐኪሞች የልብ ሕመም የደረሰባቸውንም ሆነ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ በክትትል ከአልጋ ያስነሧቸዋል። መቼና ምን ያህል የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ቤተሰብ ከሕመምተኛው ጋር አብሮ ሊራመድ ይገባል እንጂ ሊከለክለው አይገባም።

ሪዞርትም እንደ ማስታመም ነው። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ይቀርብልዎታል። ለስላሳ ወንበር፣ የተትረፈረፈ ቁርስ፣ በር ላይ የቆመች አነስተኛ የጎልፍ መኪና። 18 ጉድጓድ በእግሩ የሚጫወት ሰው ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይራመዳል። መኪናዋ አብዛኛውን እርምጃ ትወስድበታለች፤ የጨዋታውን ትልቁን መድኃኒት ማለት ነው።

በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የ300 ሺህ ያህል የጎልፍ ተጫዋቾችን መረጃ መርምረው ነበር። በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የተጫዋቾቹ የሞት መጠን በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ጎልፍ ብቻውን ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም። ጎልፍ የሚጫወት ሰው ከመጀመሪያውም ጤናማ ሊሆን፣ ሲጋራ የማያጨስ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለሰዓታት ከቤት ውጭ መራመድና ከወዳጅ ጋር መዋል እንደሚጠቅም ሌሎች ብዙ ጥናቶችም ያሳያሉ።

መኪናዋ ጠላት ናት እያልኩ አይደለም። ኬሲ ማርቲን የተባለ ተጫዋች በእግሩ የደም ሥር ሕመም ምክንያት ሜዳውን በእግር መጨረስ አይችልም ነበር። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 በመኪና እንዲጫወት ተፈረደለት። ትክክለኛ ፍርድ ነው። ጉልበቱ ለተጎዳ፣ ልቡ ለደከመ ሰው መኪናዋ ከቤት የምታወጣ በረከት ናት። የእኔ ተቃውሞ እግር እያለን እንደሌለን መሆናችንን ነው።

እዚያ ከሄዱ እንዲህ ያድርጉ

ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ ይጠይቁ። መድኃኒትዎን ከነማዘዣው ይያዙ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። መራመድ ስኳርን ስለሚያወርድ ከረሜላ ወይም ጣፋጭ ነገር ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

በረጅሙ የመኪና መንገድ ላይ የሆጋንን የደም መርጋት ያስታውሱ። በየሁለት ሰዓቱ መኪናው ይቁምና ወርደው ለአምስት ደቂቃ ይራመዱ። ተቀምጠው ሳሉ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። በአውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የሰሜን ካሮላይና በጋ ሙቀቱ ከነወበቁ ከባድ ነው። የሚራመዱት ጠዋት ይሁን። ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፤ ውኃ ይያዙ። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሙቀቱ ይበልጥ ያዝላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰሙ ከሜዳው ወጥተው ሕንፃ ውስጥ ይግቡ። የዝና አዳራሹ አባል ሊ ትሬቪኖ በ1975 በውድድር ላይ ሳለ መብረቅ መትቶት ከሞት ተርፏል፤ ጀርባው ግን ተጎድቷል። ከጥዶቹ ሥር በሣር ውስጥ ከተራመዱ ማታ መዥገር እንዳለ ሰውነትዎን ያስፈትሹ። ስኳር ያለብዎት ደግሞ አዲስ ጫማ አድርገው አይሂዱ፤ ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ ይመልከቱ።

ሙዚየሙን ሲጎበኙ ቀስ ብለው፣ እየቆሙ፣ እያነበቡ ይዙሩ። ከዚያ በአሮጌዋ መንደር ውስጥ ይራመዱ። መንገዶቿ ጠመዝማዛ፣ ዛፎቿ ብዙ ናቸው፤ ንድፏን የሠራው የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ የሆነው የፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ድርጅት ነው። ከልጅ ልጆችዎ ጋር ኳስ መምታት ከፈለጉ «ክሬድል» የሚባል ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ አነስተኛ ሜዳ አለ። «ክሬድል» በእኛ ቋንቋ የሕፃን አልጋ ማለት ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 789 ያርድ፣ ማለትም 720 ሜትር ያህል ነው። ወገብዎን የሚያምዎት ከሆነ ኳሷን በኃይል ለመምታት አይሞክሩ፤ ዱላ ሲወዛወዝ ወገብ ክፉኛ ይጠመዘዛል።

ፍጥነትዎን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት መጠኑ ደህና ነው። ማውራት ካቃተዎት ይቀንሱ። ደረት ከተጫነዎት ወይም ራስ ካዞረዎት ያቁሙ፤ ካልተሻለዎት አምቡላንስ ይጥሩ።

ላልሄዱትም

ይህን አምድ ከሚያነቡት አብዛኞቹ ፓይንኸርስትን አያዩም። ቢሆንም ትምህርቱ የአውሮፕላን ትኬት አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ነው፤ በቀን የግማሽ ሰዓት እርምጃ በሳምንት አምስት ቀን ቢደረግ ዝቅተኛውን ያሟላል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨመርበት ይላል። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን ደጋግሞ መሥራት ለዚህ ይረዳል። ሳሎንም ሜዳ ይሆናል፤ ሆጋን የጀመረው እዚያ ነው።

ልጆች ሆይ፣ እናንተም ይህን አንብቡ። እናትህን ወይም አባትህን ለማሳረፍ ስትወስዳቸው መኪናውን ትንሽ ራቅ አድርገህ አቁም፤ ክንዳቸውን ይዘህ አብረህ ተራመድ። «ቁጭ በሉ» ከማለት «ኑ፣ አብረን ወክ እናድርግ» ማለት ይሻላቸዋል። እርስዎም ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ የጎልፍ መኪናዋን በር ላይ ሲያቆምልዎት ይመርቁትና ከመኪናዋ ይውረድ ይበሉት። መንገዱን ለሁለት ይሂዱት።